አባቴ ይቅርታ የጠየቀበት ነጭ ወይን

የእኛ ቤት እንጀራ ይገኝ የነበረው ከአባቴ አፍንጫ ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አባዬ በጆሃንስበርግ ሰሜናዊ ሰፈሮች ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ወይን ጠጅ ከጓዳ አውጥቶ፣ ከፍቶ፣ አሽትቶ ለእንግዶች የሚቀዳ ሠራተኛ ነበር። በዕድሜው ሙሉ ግን አንዲት ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። ከሆሳዕና ገጠር የወጣ ጴንጤ ነው። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ያ ሰው እንደ ጥፋተኛ አቀርቅሮ ይቅርታ ሲጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ይቅርታ የጠየቀውም እውነቱን ስለተናገረ ነው። ይህን ታሪክ ልጽፈው ብዙ ጊዜ አስቤ ንዴቴ እስኪበርድልኝ ብዬ አቆየሁት። አልበረደም፤ እንዲሁ ልጻፈው።

አፍንጫውን ያሠለጠነው ሆቴሉ አይደለም፤ የእናቱ ጓሮ ነው። በእንሰት አገር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ የተፋቀው እንሰት ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖት ሲብላላ ሽታው በየሳምንቱ ይለወጣል። መጀመሪያ ጥሬ ቅጠል ይሸታል፤ ቀጥሎ ኮምጠጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ወይ በደንብ ይበስላል ወይ ይበላሻል። ከልጆቹ ሁሉ ጉድጓዱ ሊበላሽ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው የሚያውቀው አባዬ ነበር። እናቱ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ "ሄራሞ፣ ና እስኪ አሽትት" ትለዋለች። ደህና ነው ካለ ይከደናል፤ አይደለም ካለ በዚያው ዕለት ይወጣል። የአንድ ቤት ሰው ምግብ በአንድ ልጅ ቃል ይወሰን ነበር። "አንተ ምን ታውቃለህ?" ያለው ሰው አልነበረም።

ጆበርግ ሲመጣ ሆቴሉ የቀጠረው ሳጥን ተሸካሚ አድርጎ ነው። የወይን ጓዳውን የሚጠብቁት ባባ ማሴኮ የሚባሉ የሶዌቶ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን አባዬ የተሸከመውን ሳጥን መሬት አስቀመጠና "ከነዚህ አንዱ ኮምጣጤ ሆኗል" አላቸው። ሽማግሌው ሳቁበት። ከዚያ ግን ነገሩ ከንክኗቸው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ሲመለከቱ፣ የአንዱ ቡሽ ላልቶ ወይኑ ፈስሶ ኖሯል፤ ሲከፍቱት እውነትም ኮምጣጤ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳጥን አላሸከሙትም። እሳቸው እየቀመሱ፣ እሱ እያሸተተ፣ ስድስት ዓመት አብረው ሠሩ። ሌላው የሆቴሉ ሰው ግን ስሙን እንኳ ለመያዝ አልደከመም። ሄራሞ ማለት ይከብዳል ተብሎ ደረቱ ላይ "ሄንሪ" የሚል ስም ተለጠፈለት። እሱም በየቀኑ አደረገው።

ያኔ የምንኖረው ትሮይቪል ነበር፣ አሮጌ ፎቅ ቤት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ። ሰፈሩ ውስጥ ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ቁልቁለቱን በወተት ሳጥን ተንሸራትተን ታች ስንደርስ ጉልበታችን ተልጦ፣ ጫማችን ሥር የጃካራንዳው አበባ ጧ ጧ እያለ ይፈነዳ ነበር። ከታች ከሞዛምቢኮቹ ቤት የተጠበሰ ዶሮ ከነሚጥሚጣው ይሸታል፤ ደረጃው ላይ የወለል ሰም፤ ከእማዬ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ጄፒ መንገድ ባለው ሱቋ የምትሸጠው የአዲስ መጋረጃ ሽታ። እሑድ ከቸርች መልስ አባዬ ዓይናችንን በእማዬ ሻርፕ ያስርና የተለያየ ነገር አፍንጫችን ሥር ያመጣል። የሎሚ ልጣጭ፣ አረንጓዴ ፖም የተነከሰ፣ ያልተጫረ ክብሪት፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ። ያወቀ ልጅ ብስኩት ይሰጠዋል። የጎረቤት ልጆችም ይመጡ ነበር፤ የኮንጎዋ ልጅ ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። እኔ ግን ድንጋይ ላይ ተሸንፌ አላውቅም። የደረቀውን ከእርጥቡ፣ የመንገዱን ከወንዙ እለየው ነበር፤ አባዬ በዚህ በጣም ይኮራብኝ ነበር።

ባባ ማሴኮ ጡረታ ሲወጡ ለአባዬ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ሰጡት። ፈረንሳይ አገር፣ ቡርጎኝ በሚባል አካባቢ ያለ የወይን ማሳ ነው። ዳገት ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ናት፤ ዙሪያዋን የድንጋይ አጥር ከቧታል፤ አፈሩ ነጣ ያለ ነው፤ ተክሎቹ እንደ ተማሪ በሰልፍ ቆመዋል። ከዚያች ማሳ የሚወጣው ነጭ ወይን በዓለም ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ ሆቴሉ ጓዳ ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ነበረ። አባዬ ፎቶውን አምጥቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲሰቅል እማዬ ተቆጣች። የአማኝ ቤት ግድግዳ ላይ የመጠጥ ነገር አይሰቀልም አለችው። እሱ መዶሻውን እንደያዘ "አስቴር፣ ይኼ ማሳ ነው፤ ገበሬ የደከመበት ማሳ ነው" አላት። እሷም አጉረምርማ ተወችው።

ስለዚያች ማሳ የነገረን ብዙ ነው። ሁሉንም የሰማው ከባባ ማሴኮ ነው፤ እሳቸውም ከመጽሐፍ ነው ያወቁት። አባዬ ግን እንደ ኖረበት አድርጎ ያወራው ነበር። የማለዳ ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ያንን ዳገት እንደሆነ፣ ሥሩ ውኃ ፍለጋ የኖራ ድንጋይ እየሰነጠቀ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ በጸደይ ውርጭ ሲመጣ ገበሬዎቹ ቡቃያው እንዳይሞት በተክሎቹ መሃል እሳት አንድደው እንደሚቀመጡ። "እንደ እኛ እንሰት ነው" ይለን ነበር፤ ቤተሰቡ ከቤቱ ጀርባ እያንዳንዱን ተክል ያውቀዋል፣ የታመመውን ከጤነኛው ይለየዋል፣ አባት የተከለውን ልጅ ያነሣዋል። እኔ ፈረንሳይ የሚባለውን አገር ያወቅሁት በዚያች ዳገት ነው። ሌላው ሁሉ ሜዳ ይመስለኝ ነበር።

ከጊዜ በኋላ አንድ ቀን ቤት ሲገባ ፊቱ በርቷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሳ ላይ ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱ ሊከፈት ነው። ሕንፃ እያሠራ የሚሸጥ፣ ሆቴሉን የሚያዘወትር አንድ ሰው አምስት እንግዶች ይዞ እመጣለሁ ብሏል። አባዬ ያንን ጠርሙስ ለዓመታት አቧራውን እየጠረገ፣ ጓዳው እንዳይሞቅበት እየጠበቀ፣ አንድም ቀን ሽታውን ሳያገኝ ኖሯል። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለኝ ውሰደኝ ብዬ ለመንኩት። አለቃውን አስፈቅዶ፣ ከምግብ አዳራሹ ጎን ባለው የጠረጴዛ ልብስ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ እንድቀመጥ፣ ከበሩ እንዳላልፍ አስምሎኝ ወሰደኝ።

ያን ዕለት ጠዋት አፍንጫው እንዲነጻለት ብሎ ከቁርሱ ሽንኩርት አስወጣ። ቅባት አልተቀባም፤ እጁን በውኃ ብቻ ታጠበ። ታክሲ ውስጥ ጎናችን የተቀመጠችው ሴት ሽቶ ተቀብታ ስለነበር መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ሄደ። ሠርጉ የደረሰ ሙሽራ እንጂ ሌላ ሰው የሚጠጣውን ወይን ሊቀዳ የሚሄድ ሠራተኛ አይመስልም ነበር።

የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም አየሁ፣ ሁሉንም ሰማሁ። ባለ ሕንፃው ስለ ማሳይቱ ለእንግዶቹ እያወራ ነበር። ራሴ ሄጄ አይቻታለሁ ይላል፤ ሜዳ ላይ የተንጣለለች ሰፊ እርሻ ናት ይላል። እኔ በልጅ ልቤ፣ ዳገት ናት፣ ትንሽ ናት እያልኩ በሆዴ አረምኩት። አባዬ ጠርሙሱን ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ቡሹን ቀስ ብሎ አወጣና አፍንጫው ሥር አደረገው።

አባዬ ጥሩ ነገር ሲሸተው ቅንድቡ ከፍ ይላል። ያን ቀን አልተነሣም። ቡሹን ደግሞ አሸተተው። ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ አንጠብጥቦ አሸተተ። ከዚያ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ያዘው፤ መርዶ የደረሰው ሰው ይመስል ነበር። ጎንበስ ብሎ ለባለ ሕንፃው ብቻ እንዲሰማ በዝግታ ተናገረ።

"ጌታዬ፣ ይህ ጠርሙስ ታሟል። ቡሹ አበላሽቶታል። ሁለተኛው አለ፤ እሱን ላምጣልዎት።"

ሰውየው ብርጭቆውን ተቀብሎ አሽከረከረው፣ ጠጣው፣ ዓይኑን ጨፈነ። ድንቅ ነው አለ፤ እንዲህ ያለ ጠጥቼ አላውቅም አለ። ቅዳ አለው። አባዬ አልቀዳም። ይቅርታ ጠይቆ፣ ይህ የማሳው ሽታ አይደለም፣ እርጥብ ካርቶን ይሸታል፣ እርስዎን እንዲህ ያለ ነገር ላጠጣዎት አልችልም አለው። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ የነበረው ድፍረት አልነበረም፤ ርኅራኄ ነበር። ለሰውየውም ለወይኑም አዝኖ ነበር።

ባለ ሕንፃው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ለእንግዶቹ እየሳቀ ጠየቀው።

"ለመሆኑ አንተ ወይን ትጠጣለህ?"

"አልጠጣም፣ ጌታዬ።"

ስድስቱም ሳቁ። አንዷ ሴት በናፕኪን አፏን ሸፍና እስክታስል ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰውየው እጁን አንሥቶ ሥራ አስኪያጁን ጠራ። ሠራተኛህ የማይጠጣውን ወይን ሊያስተምረኝ ነው አለው። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አንሥቶ አሸተተ። ልብ በሉልኝ፤ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው አሥር እርምጃ አይሆንም፣ ፊቱን በደንብ አየዋለሁ። አፍንጫው ሲሰበሰብ፣ ራሱን ከብርጭቆው ራቅ ሲያደርግ አየሁ። አወቀ። አባዬ ያወቀውን እሱም አወቀ። ከዚያም ብርጭቆውን አስቀምጦ ፈገግ አለና ግሩም ወይን ነው አለ።

"ሄንሪ አሁን ይቅርታ ይጠይቃል" ሲል ጨመረ።

አባዬ ሥራ አስኪያጁን አየው። ምን እያሰበ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የጥገኝነት ወረቀቱ በየጊዜው የሚታደስ ነበር፤ የእኔና የወንድሜ ትምህርት ቤት በዚያ ሥራ ላይ የቆመ ነበር፤ ባባ ማሴኮ የሉም። አቀረቀረ። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ተሳስቻለሁ" አለ። ከዚያ የታመመውን ወይን በስድስት ብርጭቆ፣ አንድም ጠብታ ሳያፈስ ቀዳላቸው። እኔ የጠረጴዛ ልብስ አፌ ውስጥ ከትቼ ነክሼ ነበር። ወጥቼ ውሸታሞች ናችሁ ልላቸው ፈልጌ አልወጣሁም። ከበሩ አላልፍም ብዬ ምያለሁ። ያንን መሐላ በመጠበቄ እስከ ዛሬ ራሴን አልወደውም።

ብርጭቆዎቹ ሲመለሱ አየኋቸው። ስድስቱም ከአንድ ሁለት ጉንጭ በላይ አልጎደሉም። ድንቅ ነው ያለው ሰው ብርጭቆ ጭራሽ እንደተቀዳ ነበር። ሌላ ወይን አዘው ጠጡ። አባዬ ትሪውን ይዞ እኔ ወዳለሁበት ክፍል ገባ፤ ማልቀሴን አየ። ከኪሱ ቡሹን አወጣና አፍንጫዬ ሥር አደረገልኝ፣ እንደ እሑዱ ጨዋታ።

"ምን ይሸታል?"

"የፎቃችን ምድር ቤት ውኃ የገባ ጊዜ፤ ካርቶኖቹ" አልኩት።

ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ቅንድቡ ከፍ አለ። "በል እንግዲህ፣ ሁለት ሆንን" አለ፤ ለራሱ ይመስል ነበር የሚናገረው።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቸርች ስንመለስ፣ አባዬ ደብተርና እስክሪብቶ አምጪ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ከሥራ ሊወጣ ሲል ለብቻው ጠርቶት፣ የዚያ ጠርሙስ ችግር ምን እንደነበር በዝርዝር ጽፈህ ሰኞ አምጣልኝ ብሎታል። አባዬ እንግሊዝኛ ይናገራል እንጂ አጻጻፉ አይሆንለትም፤ ስለዚህ እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። የቡሹ ሽታ እርጥብ ካርቶን። የፍሬው ሽታ ጠፍቷል። ሎሚውም ድንጋዩም የለም። እያንዳንዱን ቃል እየደጋገመ አስጻፈኝ። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ሥራ አስኪያጁ ተጸጽቶ ነው፣ ለዚያ ሰውዬ ሊያሳየው ነው ብዬ አሰብኩ። በጣም ባማረው ጽሕፈቴ፣ መስመር ሳልለቅ፣ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰጠሁት። እማዬ እንኳ ከትከሻዬ በላይ እያነበበች "ይቺ ልጅ ጽሕፈቷ የዳኛ ነው" አለች።

ሰኞ አባዬ ወረቀቱን ሰጠ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ አመሰገነው፣ በእጁ ጽሕፈት ገለበጠው፣ ከሥሩ የራሱን ስም ፈረመበትና ወይኑን ላስመጣው ነጋዴ ላከው። ነጋዴውም አምኖ በምትኩ ሌላ ጠርሙስ ሰጣቸው። እኔ በእጄ የጻፍኩት የአባቴ ቃል ትክክል ነው ተብሎ ወይን አስመለሰ። አባዬ ግን በዚያው ሰኞ ለእንግዶች ሰላም ሲባል ወደ ልብስ ማጠቢያው ተዛውረሃል ተባለ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ሰው አፍ። ትክክል ነህና ጻፍልኝ፤ ተሳስተሃልና ውጣ። ካደግሁ በኋላ ብዙ ግፍ ሰምቻለሁ፣ ከዚህ የከፋም አይቻለሁ። እንደዚህኛው ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ የመጣ ግን አላየሁም።

አባዬ አራት ዓመት የጠረጴዛ ልብስና አንሶላ አጠበ። የሚያነጣው ኬሚካል ኃይለኛ ነበር። ቤት ሲገባ ከዚያ በቀር ሌላ ነገር አይሸትም። የእሑዱ ጨዋታ ቆመ። የኮንጎዋ ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥታ በሩን አንኳኩታ ነበር፤ ጋሼ ደክሟቸዋል እያልን መለስናት።

የቸርቹን ነገር ካልጻፍኩ ደግሞ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። የመዛወሩ ወሬ ዱርንፎንቴን ያለችው ቸርቻችን ሲደርስ፣ አንድ ሽማግሌ አባዬን በጉባኤው ፊት አስቆሙት። እግዚአብሔር ወንድማችንን ከወይን ቤት አውጥቶልናል፣ እናመስግን አሉ። ጉባኤው አሜን አለ፤ አጨበጨበ። አባዬም አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። ስንት ዓመት በዚያ ሥራ ሲተዳደር፣ ለቸርቹ ወንበር መግዣ ሲያዋጣ፣ ማንም ምንም አላለውም ነበር። አሁን በተገፋበት ቀን ለምስክርነት አስቆሙት። ያንን ሥራ ከመጀመሪያውም ያልወደደችው፣ ስለ ፎቶው የተቆጣችው እማዬ ግን አሜን አላለችም። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ድንገት ቆመችና ጠየቀችው።

"ሄራሞ፣ ከዚያ ቤት ማን ነው ያወጣህ? እግዚአብሔር ነው ወይስ ሰውየው?"

አባዬ ቤት ስንደርስ ወንበር አስጠግቶ ፎቶውን ከግድግዳው ሊያወርድ ሲል ወንበሩን ያዘችበት። ይቆያል አለችው፣ ማሳ ነው ያልከኝ አንተ ነህ፣ ማሳ ደግሞ ኃጢአት የለበትም። እናቴን ከዚያ ቀን የበለጠ የወደድኩበት ጊዜ የለም።

እኔ ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሮዝባንክ ባለ አንድ ምግብ ቤት ወይን መርጬ፣ ከፍቼ፣ ለእንግዶች የማቀርበው እኔ ነኝ። ኮርስ ወስጃለሁ፤ ኮቴ ደረት ላይ የሙያው ትንሽ የብር ምልክት አለ። እንግዳ ሳይነግረኝ በፊት የታመመ ጠርሙስ ካገኘሁ አንሥቼ እወስደዋለሁ፤ "ይኼ አይሆንም፣ ሌላ አመጣለሁ" እላለሁ። ሰዎቹ ያመሰግኑኛል፣ ምን እንደሸተተኝ ይጠይቁኛል፣ አንዳንዱ ስሜን በወረቀት ይጽፋል። ምሕረት ሄራሞ፣ ፊደል በፊደል። አባቴ ያለውን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው የምለው። እሱ ሲለው መድፈር ነበር፣ እኔ ስለው ሙያ ሆነ። እሱ የሚያውቀውን ግማሽ አላውቅም።

ዓምና አሠሪዎቼ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ወደ ቡርጎኝ ላኩኝ። በሦስተኛው ቀን ማሳይቱ ዘንድ ደረስን። ትንሽ ናት፤ ከትሮይቪል የኳስ ሜዳ ብዙም አትበልጥም፤ ዳገት ላይ ናት። አጥሩ እዚህም እዚያም ፈርሶ ተጠግኗል። አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት፣ የቤቱ ልጅ፣ ጎንበስ ብላ ቅርንጫፍ ትቆርጥ ነበር። ካስጎበኘችን በኋላ የአባዬን ታሪክ ነገርኳት። መቀሷን ከእጇ ሳታስቀምጥ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ጉንጮቿ ቀሉ። የታመመውን ወይናችንን ድንቅ ነው ብሎ የጠጣ ሰው ሰድቦናል፤ አልቀዳም ያለው ሰው ግን ስማችንን ጠብቆልናል አለች። እኔ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ከደስታ አልነበረም። ይህን ቃል ለመስማት ባሕር መሻገር ለምን አስፈለገኝ? በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰባት ሰው ነበር። አንዱ ቢለው ምን ነበረበት? ለአባዬ እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። ሴትዮዋ ያለችውን ስነግረው አፈሩ እንዴት ነው፣ ሲይዙት ይፈርሳል ወይስ ይጠብቃል ብሎ ጠየቀኝ።

ባለፈው ክረምት ከብዙ ልመና በኋላ ምግብ ቤቴ መጣልኝ፣ ከእማዬ ጋር፣ የቸርች ሱፉን ለብሶ። መስኮቱ ሥር ያለውን ጥሩ ጠረጴዛ ሰጠኋቸው። እማዬ ውኃ አዘዘች። እኔ የዚያችን ማሳ ወይን፣ ጤነኛውን፣ ሁለት ጣት ያህል በብርጭቆ አምጥቼ አባዬ ፊት አስቀመጥኩና "አሽትተው ብቻ" አልኩት። ልጅ ሳለሁ አባዬ አንድ ነገር ሊያሸት ሲል ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጎረቤቱም ልጆቹም ጨርሶ ትዝ ሳይሉት፣ ወደ ሽታው ይገባ ነበር። አሁን ግን እጁን ወደ ብርጭቆው ዘረጋና መሃል ላይ አቆመው። ቀና አለ። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ተመለከተ፤ ማን እንደሚያየው ለማወቅ። አጠገባችን ያሉት እንግዶች ምግባቸውን ይበላሉ፤ ማንም አላየውም። ከዚያ በኋላ ነው ያሸተተው።

ስለ ሽታው ብዙ ነገረኝ፤ ረጅም ሰዓት አወራን። ካለው ሁሉ አንዱንም አላስታውስም። የማስታውሰው ያንን ዙሪያውን ማየቱን ነው።